ኦርጋኒክ ማለት «ተፈጥሯዊ» ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ እዚህ ድሬዳዋ ለምታስጠናቸው ልጆች ያዘጋጀኸውን ማስታወሻ አነበብኩት። «ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የተፈጥሮ ነገሮችን ያጠናል፣ ኢንኦርጋኒክ ደግሞ ሰው ሠራሹን» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ግን ስህተት ነው፣ ልጆቹንም ፈተና ላይ ይጎዳቸዋል።

መለያው ካርቦን ነው። ጥቂቶቹ ሲቀሩ፣ ካርቦን ያላቸውን ውህዶች የሚያጠናው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው። ከገበያ አንጠልጥለኸው የምትመጣው ፌስታል የፋብሪካ ሥራ ነው፤ ግን ኦርጋኒክ ነው። የሐረር ቡና ውስጥ ያለው ካፌይንም እንደዚያው። የአፋር ጨው ግን ከምድር የተገኘ ሆኖ ሳለ፣ ካርቦን ስለሌለው ኢንኦርጋኒክ ነው።

ከጥቂቶቹ አንዱን ማየት ከፈለግክ ማንቆርቆሪያህን ክፈት። ውስጡ የተጋገረው ነጭ ነገር የድሬ ውሃ የተወው ነው፤ አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ካርቦን አለው፣ ግን ከኢንኦርጋኒክ ይመደባል። ሎሚ ጨምቅበት፣ አረፋ እያወጣ ይለቃል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እሱም ኢንኦርጋኒክ።

ስህተቱ የድሮ ነው። ሳይንቲስቶች ራሳቸው ኦርጋኒክ ውህድ ከሕያው አካል ብቻ ይገኛል ብለው ያምኑ ነበር። በ1828 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር ሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ ያለ ምንም ኩላሊት ላብራቶሪ ውስጥ ሠራው። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ ማዳበሪያም ያው ውህድ ነው፣ ከፋብሪካ የወጣ።

ሕይወት ባላቸው ነገሮች ውስጥ የሚካሄደውን ኬሚስትሪ የሚያጠናው ባዮኬሚስትሪ ነው። ስለ ሌሎቹ የኬሚስትሪ ዘርፎች፣ ስለ አናሊቲካልና ፊዚካል ኬሚስትሪ፣ የጻፍከው ልክ ነው፣ አትንካው። ያቺን አንድ መስመር ብቻ አርምና ከፈተናው በፊት ለልጆቹ አድርስላቸው።