ከፕላስቲክ በላይ፣ ከወርቅ በታች

ድሬዳዋ ውስጥ ሰዓት ለማወቅ ሰዓት ማሰር ግድ አይደለም። የከዚራ ባለሱቆች በራቸውን ዘግተው ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ ቀትር ሆኗል። በላስቲክ የተጠቀለለ ጫት በብብቱ የያዘ ሰው ማንንም ሳያናግር በጥላ ጥላው ሲከንፍ ስምንት ሰዓት እየተቃረበ ነው። ያው ሰው ቀስ ብሎ፣ ለወጪ ወራጁ ሁሉ ሰላምታ እያደለ ሲመለስ ደግሞ መሽቷል። በመካከሉ ያለው ጊዜ በየትኛውም ሰዓት አይለካም፤ ቢለካም አይታመንም።

የሚገርመው ይህች ከተማ የባቡር ልጅ መሆኗ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ አብራው ተወለደች። ፊሽካ ሲሰማ የሚነሣ፣ ደቂቃ የሚቆጥር ሕዝብ ይወጣታል ብሎ የጠበቀ ቢኖር አይፈረድበትም ነበር። ፀሐይዋ ግን ከባቡሩ ቀድማ ሕግ አውጥታ ነው የጠበቀችው። ስለዚህ ድሬ ላይ አንድ ሰው ሰዓት ሲገዛ ጊዜን ፈልጎ ነው ብሎ የሚያምን ካለ ለከተማዋ እንግዳ መሆን አለበት።

ጓደኛዬ እንግዳ አይደለም። ተወልዶ ያደገው መጋላ ነው፤ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ሲኖር ካሲዮ አስሯል። ያቺን ጥቁር፣ አራት ማዕዘን፣ ፕላስቲክ ካሲዮ ሁላችንም እናውቃታለን። እ.ኤ.አ. በ1989 እንደወጣች መልኳን ሳትለውጥ እስከ ዛሬ የምትሸጥ፣ ክብደቷ 21 ግራም የሆነ፣ ባትሪዋ ሰባት ዓመት ያህል እንደሚቆይ አምራቿ የሚናገርላት ጉደኛ ናት። ሰባት ዓመት! እኔ የማውቃቸው አንዳንድ ትዳሮች ያን ያህል አልቆዩም። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ጓደኛዬ ዕድገት አገኘ። ወንበሩ ተቀየረ፣ ሸሚዙ ባለ ረጅም እጅጌ ሆነ፤ ከእጅጌው ሥር ግን ያቺው ፕላስቲክ ብቅ እያለች ስብሰባ ላይ ታሳጣው ጀመር። በሰዓቱ እንዲጮኽ የሞላው ደወልም አለቃው ሲናገሩ ነበር የሚጮኸው።

እናም «መካከለኛ ሰዓት ልግዛ» አለ።

መካከለኛ የሚለውን ቃል የሰዓት ወዳጆች በልበ ሙሉነት ይጠሩታል። በግምት ከ300 እስከ 1,000 ዶላር ያለውን መሆኑ ነው። ከጃፓን እነ ሲኮና ሲቲዝን፣ ከስዊስ እነ ቲሶት እዚያ አካባቢ ይገናኛሉ፤ ሮሌክስና ኦሜጋ ከላይ ሆነው ቁልቁል ያዩዋቸዋል። ዶላሩ ወደ ብር ሲመነዘር ታዲያ አንድ ነገር ይፈጠራል። ሰዓቱ መካከለኛ እንደሆነ ይቀራል፤ መካከለኛነቱ የሚያበቃው ገዢው ነው።

የዚህ ደረጃ መከራ ከዋጋው ይልቅ በተመልካቹ ነው። ፕላስቲክ ያሰረን ሰው ማንም አይጠይቀውም፤ ለጊዜ ማያ ያሰረ ሰው ነው፣ አለቀ። ወርቅ ሮሌክስ ያሰረውንም ማንም አይጠይቀውም፤ መጠየቅ ያስፈራል። መካከለኛውን ያሰረ ሰው ግን ከሁለት ወገን ይመታል። ሰዓት የማያውቀው ሰው አይቶ «ከታይዋን ነው?» ይለዋል፤ ሩቅ ምሥራቅ ያለችውን ደሴት ሳይሆን እዚሁ ያለውን ገበያ ማለቱ ነው። ሰዓት የሚያውቀው ሰው ደግሞ በአዘኔታ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ትንሽ ጨምረህበት ከላይ ያለውን ብትወስድ ምን ነበረበት?» ይላል። የማያውቁት ያሳንሱታል፣ የሚያውቁት ያዝኑለታል። ትክክለኛውን ዋጋ የሚያውቀው ባለቤቱና ያበደረው ሰው ብቻ ናቸው።

ጉዳዩ በርጫ ላይ ቀረበ። የድሬዳዋ ሰው የማያውቀውን ነገር ለብቻው አይወስንም፤ ከእሱ እኩል የማያውቁ ሰዎች ተሰብስበው ያግዙታል። ፍራሹ ተደላደለ፣ ቡናው ቀረበ፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ስለ ዋጋ ብቻ አወራ። ምርቃናው ሲገባ ግን ዋጋ የሚባል ነገር ከክፍሉ ወጣ። አንዱ ሦስት መቶ ዶላር ውርደት ነው አለ። ሌላው ሰዓቱን ከዱባይ በቀጥታ ለማስመጣት አሰበ፤ ከጎኑ ያለው አንድ ብቻ ከማስመጣት አምስት መቶ ቢመጣ ይሻላል አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የሰዓት መገጣጠሚያ ፋብሪካ የት ይተከል በሚለው ላይ ሁለት ጎራ ተፈጥሮ ነበር። ምርቃናው ሲበርድ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ አንድ ድምፅ ከጥግ በኩል «ግን እኮ ካሲዮዋ ምን አላት?» አለ። የሚመልስለት አልተገኘም።

ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ቁም ነገር የነበረው የኳርትዝና የአውቶማቲክ ክርክር ነው። ኳርትዝ በባትሪ የሚሠራው ነው፤ ውስጡ ያለችው ቅንጣት ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። ተራ የሚባለው ኳርትዝ በወር ቢስት በሰከንዶች ነው። አውቶማቲኩ ባትሪ የለውም፤ እጅ ሲንቀሳቀስ በውስጡ ያለ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ክብደት እየተሽከረከረ ሽቦውን ይጠመጥማል። ሲኮ በብዙ ሰዓቶቹ ውስጥ የሚያስገባው 4ኣር36 የሚባለው ሞተር በቀን እስከ 45 ሰከንድ ቢቀድም ወይም እስከ 35 ሰከንድ ቢዘገይ ፋብሪካው «ደኅና ነው» ይላል። በወር ሳይሆን በቀን! ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ደነገጠ።

«እንዴት ነው ነገሩ? ብዙ ከፍዬ ብዙ ልሳሳት ነው?»

«አቦ፣ አውቶማቲክ እኮ ሕይወት አለው» አለው የክርክሩ አውራ።

«ሕይወት ያለውማ ቤቴ ሞልቷል፤ ያጣሁት ሰዓት የሚያከብር ነው።»

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ሰዓቱ ሳይታሰር ስንት ጊዜ ይሄዳል የሚል ነበር። የሲኮው 41 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ቲሶት ፓወርማቲክ ብሎ የሚጠራው 80 ሰዓት ድረስ ይዘልቃል። ማለትም ዓርብ ማታ አውልቀው ቢያስቀምጡት ሰኞ ጠዋት እየሠራ ያገኙታል። ከባዱ ችግር ታስሮም የሚቆምበት አጋጣሚ ነው። ሰዓት የሚታሰረው በግራ እጅ ነው። በርጫ ላይ ግራ እጅ ጫቱን ይዞ ጭኑ ላይ ያርፋል፤ ቅጠል እየቀነጠሰ የሚመላለሰው ቀኝ እጅ ነው። የስዊስ መሐንዲሶች ይህን አላሰቡበትም። ሰዓቱን በቀኝ እጅ ቢያስሩት በአንድ ከሰዓት በኋላ የሳምንት ጉልበት ሳይሰበስብ አይቀርም።

የእጮኛው እናት ሲኮው ውስጥ 24 እንቁዎች እንዳሉ ሰምተው የተናገሩትም ሳይጠቀስ አይታለፍም። እውነት ነው፤ የጥርሶቹ መዘውር ሰበቃ እንዳይበላው በየማረፊያው ሰው ሠራሽ የሩቢ ቅንጣት ይቀመጥለታል። እናትየው ግን «ታዲያ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ሩቢ ምነው ከውስጥ ቀበሩት?» አሉት። ከሠርግ ዝግጅት አንፃር ካየነው የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

የአባቶቻችን ትውልድ በዚህ ሁሉ አልተጨነቀም። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ሲኮ ፋይቭ የሚባል ነገር አለ፤ ቀኑን በዐረብኛም በእንግሊዝኛም የሚያሳየውን ከዐረብ አገር የተመለሰ ዘመድ ያመጣዋል፤ ይታሰራል፤ ለልጅ ይወረሳል። ይህን ያሰሩ ሽማግሌ በርጫው ላይ ነበሩ። ሲጠየቁ «እኔ መርጬው አይደለም፤ እሱ ነው የደረሰኝ» ብለው ወደ ጫታቸው ተመለሱ።

አሁን ማንም የማያነሣውን፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልናገር። መካከለኛ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የቀን መስኮት አለው፤ መስኮቱ ደግሞ እስከ 31 ይቆጥራል። ፈረንጅ በዓመት አምስት ጊዜ፣ ወሩ 31 ባልሞላ ቁጥር፣ ቁልፉን ስቦ ያስተካክላል። በእኛ አቆጣጠር ልሂድ ያለ ሰው ግን አሥራ ሁለቱ ወሮች 30፣ 30 ናቸው፤ ጳጉሜን ደግሞ 5 ወይም 6 ናት። በዓመት 13 ጊዜ ማስተካከል ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ካለ ሰዓት አላሰረም፣ ለሰዓት ተቀጥሯል። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር የሞላ እንደሆነ ቀኑ የሚገለበጠው ፀሐይ ስትወጣ አለዚያም ስትጠልቅ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይሆናል። የእኔ ምክር አጭር ነው፤ የቀን መስኮት የሌለው ይገዛ።

በአንድ ነገር ግን ከዓለም ሁሉ ተጠቅመናል። የሁለት አገር ሰዓት ለሚፈልግ መንገደኛ አምራቾቹ አራተኛ ቆጣሪ እየጨመሩ በውድ ይሸጣሉ። የእኛ ሰዓትና የፈረንጁ ልዩነት ስድስት ስለሆነ፣ አጭሩ ቆጣሪ ሰባት ላይ ሲያመለክት ጭራው የሚያመለክተው አንድን ነው። ራሱ ፈረንጅ፣ ጭራው ሐበሻ። ሁለት አገር በአንድ ዘንግ ያነበበ ሰው ለአራተኛ ቆጣሪ ገንዘብ ለምን ያወጣል?

ጠርዙ ላይ የፍጥነት መለኪያ የተጻፈበትን ሰዓት ጓደኛዬ ወድዶት ነበር። አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ የፈጀውን ጊዜ ይዞ ፍጥነትን ይነግራል። ቆጣሪው አንድ ዙር ሲጨርስ 60 ሰከንድ ስለሆነ፣ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በታች የሚሄደውን አብዛኞቹ አይለኩም። ከለገሀሬ እስከ ሳቢያን በባጃጅ ለሚመላለስ ሰው ምን ሊለካበት ነው? ባጃጅ 60 ሲደርስ አይቶ የሚቆጥር ተሳፋሪ የለም፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል። የጠላቂ ሰዓትም ታየ፤ 200 ሜትር ውኃ ይችላል። ወንዛችን ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ 200 ሜትር የሚጠልቅበት በአካፋ ነው። ቢሆንም 30 ሜትር ተብሎ የተጻፈበት ሰዓት 30 ሜትር መጥለቅ ሳይሆን ጠብታ መቻሉን የሚናገር ስለሆነ፣ በቀን አምስቴ ውዱእ ለሚያደርግ ሰው 100 የሚለው ይሻለዋል። የቆዳ ማሰሪያ የድሬን ላብ አይችልም፤ ብረት ይሁን።

ለእኔ ቢሆን ከሲቲዝን በብርሃን የሚሠራውን እገዛ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ኩባንያው በብርሃን የሚሠራ ባለቆጣሪ ሰዓት ሠርቷል፤ ባትሪ ልቀይር ብሎ ሰዓት ጠጋኝ ደጅ መመላለስ የለም። ፀሐይ ደግሞ ለድሬዳዋ ብትሸጥ እንጂ የምትገዛ አይደለችም። ይህን ሳቀርብ ግን ጉባዔው ፊቱን አዞረብኝ። «ከፀሐይ ለመሸሽ አይደል እዚህ የተቀመጥነው?» አሉኝ።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ቲሶት አውቶማቲክ ገዛ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ተለመነ፣ ገንዘብ ተበደረ፣ ሰዓቱ መጣ። መስተዋቱ ሳፋየር ነው፤ ለአልማዝ የቀረበ ጥንካሬ አለው፣ በቀላሉ አይቧጠጥም። ጀርባው መስተዋት ስለሆነ የሚሠራው ሁሉ ይታያል፤ የሚታየው ግን ሲያወልቁት ብቻ ነው። ጓደኛዬም ቀኑን ሙሉ ሲያወልቅና ሲያሳይ ይውላል።

ያኔ ነው ሠርግ የተጠራነው። ከእኛ ጋር የደረሰ አንድ ሰው ወፍራም ወርቅማ ሮሌክስ አስሯል። አስተናጋጆቹ ክንዱን ሲያዩ መንገድ ከፍተው ከፊት ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጡት፤ እኛን ከድምፅ ማጉያው ሥር። ጓደኛዬ ከሩቅ ትኩር ብሎ አየው። የሰከንድ ቆጣሪው እንደ ባትሪ ሰዓት ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ነው የሚሄደው፤ የእውነተኛው እንደሚንሸራተት ያውቃል። ምግቡ ተነሥቶ ሰዉ ሲቀላቀል ጠጋ ብሎ፣ ማንም ሳይሰማ፣ በጨዋ ደንብ ነገረው፦

«ወንድሜ፣ ይህ ሰዓት ሐሰተኛ መሆኑን ታውቃለህ?»

ሰውየው አልተቆጣም። ክንዱን አንሥቶ ሰዓቱን አየ፣ የጓደኛዬንም አየ።

«አብሽር። የእኔ ሐሰት መሆኑን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ያንተ እውነት መሆኑንም የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ከሁለታችን ማን ከሰረ?»

ጓደኛዬ ጥቂት አሰበ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስንት ገዛኸው?» አለው።