ጭስም ታርጋ አለው

ሰሞኑን እዚህ ባሕር ዳር ስለ ከተማው አየር በተመከረበት ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ጥፋቱን ሁሉ እናቶች ላይ ጣሉት። የሚያስለን የምጣድና የከሰል ጭስ ነው አሉ። ማስረጃ ሲጠየቁ ደግሞ ጭስ ታርጋ የለውም፣ ከየት እንደመጣ ማንም ሊያውቅ አይችልም ብለው አረፉት።

ንግግሩ አናዶኛል። ከየት እንደመጣ አይታወቅም ካሉ ጥፋተኛዋን በምን አወቋት?

ደግሞም ይታወቃል። ጭስ ታርጋ አለው። የተጻፈውም ካርቦኑ ውስጥ ነው።

ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ላይኛው አየር ውስጥ ካርቦን-14 የተባለ፣ በጊዜ ብዛት እየጠፋ የሚሄድ የካርቦን ዓይነት ይፈጥራል። ባሕር ዛፉም፣ ጤፉም፣ ደንገሉም ከአየር ይወስዱታል። ተክሉ ሲሞት መውሰዱ ይቆማል፤ የያዘውም በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ናፍጣና ቤንዚን ግን ሚሊዮኖች ዓመታት መሬት ውስጥ ተቀብረው ከኖሩ ነገሮች የመጡ ናቸው። ካርቦን-14 የሚባል አልቀረባቸውም። እንግዲህ ከአየር ላይ በፊልተር የተያዘውን ጥቀርሻ መለካት ነው። ዛሬ በነደደ ተክል ውስጥ ከሚገኘው ካርቦን-14 ግማሹን ብቻ ከያዘ፣ የጥቀርሻው ግማሽ ካርቦን የመጣው ከነዳጅ ነው። ይህን ሒሳብ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል።

ካርቦን-13 የተባለው ሌላው የካርቦን ዓይነት ደግሞ የትኛው ተክል እንደነደደ ይጠቁማል። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና የጣና ዳር ደንገል ካርቦን የሚይዙበት መንገድ ከባሕር ዛፍና ከሩዝ የተለየ ነው። ከዓለም አቀፉ መለኪያ ጋር ሲተያይ፣ በእነ በቆሎና ደንገል ካርቦን-13 ከሺህ ከ10 እስከ 14 ያህል ያንሳል። በእነ ባሕር ዛፍ ከሺህ ከ25 እስከ 30። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ለእርሻ ተብሎ ሐይቁ ዳር የሚቃጠል ደንገልና ምጣድ ሥር የሚነድ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጥቀርሻቸው አይመሳሰልም። ኩበት እንኳ ይናገራል። የጤፍ ጭድ የበላች ላም ኩበቷ ሲነድ የጤፉን ምልክት ይዞ ይጨሳል።

ናፍጣም በካርቦን-13 ከባሕር ዛፍ ጋር ይቀራረባል የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ካርቦን-13 ከካርቦን-14 ጋር አብሮ የሚለካውም ለዚሁ ነው። ባሕር ዛፍ የሚያነድ ዳቦ ቤትና ባሕር ዛፍ የምታነድ እናት በዚህ መንገድ አይለዩም፤ ይህንንም እቀበላለሁ። የአይሱዙው ጭስ ግን ከእናትየዋ ጀርባ መደበቅ አይችልም።

ውድ ነው የሚለውን ምክንያት አልሰማም። ለአንድ ምርመራ ከአንድ ሚሊግራም ያነሰ ካርቦን ይበቃል። የኳርትዝ ፊልተር፣ አየር የሚስብ ፓምፕ፣ የሚከታተለው ሰው። ናሙናው ውጭ አገር ላብራቶሪ ይላካል። ለስብሰባ አበልና ለባነር ገንዘብ የሚያገኝ መሥሪያ ቤት ለዚህ አያጣም።

እስቲ ጠዋት መናኸሪያው አካባቢ ቁሙ። አይሱዙው ማርሽ ሲቀይር የሚተፋው ጥቁር ጭስ መንገዱን ይሸፍነዋል። ቆሎ የምትሸጠው ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ ትጠብቃለች። ያልፍና ቀጣዩ ይመጣል። ይህን ጭስ ቀኑን ሙሉ የምትስበው ሴት ማታ ቤቷ ገብታ እንጀራ ስትጋግር ነው ጥፋተኛ የምትባለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላትም ብትሆን መብራት ሲጠፋ ወደ ጭራሮ ትመለሳለች። መብራቱን ያጠፋችው እሷ ናት እንዴ? ፊልተሩ ይለካ፤ ከተማው መሀል ትልቁ ጥፋተኛ ናፍጣ ሆኖ እንደሚገኝ ከአሁኑ እናገራለሁ።

አንድ ፊልተር መናኸሪያው ጋ፣ አንድ አባይ ማዶ፣ አንድ ሐይቁ ዳር ይቀመጥ። በበጋም በክረምትም ናሙና ይወሰድ። ውጤቱ መሳቢያ ውስጥ ሳይገባ በሬዲዮ ይነገረን። ኃላፊው ግን ያንን መጠበቅ የለባቸውም። የተናገሩትን ዛሬውኑ ያንሱ፣ እናቶችንም ይቅርታ ይጠይቁ።