ዳኛውን ማን ያፍራላችሁ?

ወገኖቼ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም ያላችሁ የኳስ ሰዎች፣ ይህ ነገር ይመለከታችኋል። ቡድን ማቋቋም እናውቅበታለን። ማሊያ ለማሰፋት ከሱቅ ሱቅ ዞረን እንለምናለን። ታኬታ የሌለው ልጅ ካለ እናዋጣለን። ዳኛ ግን ከፌዴሬሽን እንዲላክልን እንጠብቃለን። የተላከውን ደግሞ እንሰድባለን። ኧረ ተዉ!

እስቲ ክለባችሁ እስከ ዛሬ ስንት ዳኛ አፈራ? ያፈራችሁትን ተጫዋች በስም ትቆጥሩልኛላችሁ። ዳኛ ሲባል ዝም።

አንድ የታዳጊዎች ጨዋታ ላይ የመስመር ዳኛው ገና ጢሙ ያላበቀለ ልጅ ነበር። ኳስ በእጅ ተወረወረ። ከተከላካዮቹ ጀርባ የቆመው አጥቂ ተቀብሎ አገባ። ልጁ ባንዲራውን አላነሳም። ሜዳው በአንድ ድምፅ «ኦፍሳይድ!» ብሎ ጮኸ። በቀጥታ ከእጅ ውርወራ በመጣ ኳስ እኮ ኦፍሳይድ የለም። ከማዕዘን ምትም፣ ከግብ ምትም የለም። ልጁ ትክክል ነበር። ልጅ ያሳደጉ ትልልቅ ሰዎች እናቱን እየጠሩ ሲሰድቡት መልስ ሳይሰጥ መስመሩን ይሮጥ ነበር። ዓይኑ ግን ቀልቷል። አሰልጣኙ ሰዎቹን ዝም ማሰኘት ሲገባው አብሮ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ያን ልጅ ባንዲራ ይዞ አላየሁትም።

ከዚያ ተመልሰን «ዳኛ ጠፋ» እንላለን። ራሳችን አባርረን!

እኛ ሽማግሌ የሚከበርበት አገር ሰዎች ነን። የወሎው አስታራቂ ሽማግሌ፣ አባጋር፣ ደም የተቃቡትን ሲያስታርቅ፣ ነገሩ ባይጥመን እንኳ ቃሉን እንቀበላለን። ለዘጠና ደቂቃ የዳኘን ወጣት ምነው እንዲህ ቀለለብን?

ዳኛ የሚሆነው ሰው አጠገባችሁ ነው። ተጠባባቂ ወንበር ላይ የከረመው፣ ኳስ የገባው ልጅ አለ። የስፖርት መምህሩ አለ። ሴቶች ልጆቻችሁ አሉ። በፈረንጆቹ 2019 በሴቶች ዓለም ዋንጫ ጃፓንና ስኮትላንድን ያጫወተችው ሊዲያ ታፈሰ የዚህችው አገር ልጅ ናት። ባምላክ ተሰማም ለ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ነበር። የወሎ ልጅ ምን ያንሰዋል?

ግን ጊዜ ይፈልጋል። ዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚያስዳኘውን የፊፋ ባጅ ለማግኘት ዋና ዳኛ ቢያንስ 25 ዓመት ሊሞላው ይገባል። የዛሬው የ16 ዓመት ልጅ እዚያ እስኪደርስ ዘጠኝ ዓመት የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል። ኮርስ ብቻውን ዳኛ አያደርግም። ሕጉን ሸምድዶ ፈተና ያለፈን ልጅ ወዲያው የዋንጫ ጨዋታ ላይ አትጣሉት። መጀመሪያ የሕፃናት ጨዋታ ላይ ባንዲራ ይያዝ። አንጋፋ ዳኛ መስመር ዳር ቆሞ ይየው። በእረፍት ሰዓት አንድ ነገር ብቻ ይንገረው፤ የት መቆም እንደነበረበት። ስህተቱን ሁሉ ባንዴ አያውርድበት።

አበሉንም በሰዓቱ ክፈሉት። «ነገ ና» እየተባለ የሚንከራተት ዳኛ ለሚቀጥለው ጨዋታ አይመጣም፤ ቢመጣም ልቡ የለም። ደግሞ ገንዘቡን የባለሜዳው ቡድን ሰው በእጁ አይስጠው። ሐሜት የሚጀምረው እዚያ ነው።

«ለሌላው ክለብ ዳኛ ማሠልጠን ምን ይጠቅመናል?» የምትሉ አላችሁ። እርግጥ ነው፣ የራሱን ክለብ ማንም አያጫውትም። የኮምቦልቻው ዳኛ ሐይቅ ከተማ ይሂድ፣ የሐይቁ ደሴ ይምጣ። እናንተ ካልላካችሁ ግን ለእናንተስ ማን ይላክ?

የውድድር አዘጋጆች፣ ዘንድሮ ምዝገባ ስትከፍቱ ከተጫዋቾች ዝርዝር ጋር የሁለት እጩ ዳኞችን ስም ጠይቁ። አንዷ ሴት ብትሆን ደግ ነው። ስም ያላመጣ ቡድን አይመዝገብ። ለአሰልጣኞችም ከጨዋታው በፊት ንገሯቸው፦ ከፈረንጆቹ 2019 ወዲህ ሕጉ ለአሰልጣኝም ቢጫና ቀይ ካርድ እንዲታይ ፈቅዷል። ወጣቱ ዳኛ ቀዩን ካርድ ካወጣ፣ የክለቡ አመራር አሰልጣኙን ይዞ ከሜዳ ያስወጣ።