ግዳዩ ፕሬሪ ዶግ ከሆነ ፉከራው ይቅርብን

ጎበዝ፣ ስሙኝማ። ይህን የምጽፈው ኮሎራዶ ለምትኖሩ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጠመንጃ ጭናችሁ ወደ ምሥራቁ ሜዳ ለምትወጡ ወገኖቼ ነው። እኔም አዳኝ ነኝ። በየዓመቱ ፈቃድ አውጥቼ አጋዘን ፍለጋ ተራራ እወጣለሁ፤ የቀናኝ ዓመት ሥጋው ለጎረቤትም ይተርፋል። ስለዚህ "ይሄ ደግሞ የአውሬ ጠበቃ ሆነ" እንዳትሉኝ።

በቀደም ቡና ላይ ተሰብስበን አንዱ ወንድማችን ስልኩን አወጣ። ቪዲዮ ነው። ሜዳው ላይ ፕሬሪ ዶግ የሚባሉ ትንንሽ ቡናማ ፍጥረቶች በኋላ እግራቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ ተደግፏል። ጧ! አንዷ ወደ ላይ ተስፈነጠረች። ሳቅ። ጧ! ሌላዋ። "በአንድ ጠዋት 40 ጣልኩ" አለ ደረቱን ነፍቶ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ጋሼ፣ ልጅነታቸውን ከአባታቸው ጋር አደን ሲወጡ ያሳለፉ ሰው፣ ስልኩን ተቀበሉና መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት።

"ሥጋውን ምን አደረጋችሁት?"

"አይበላም እኮ ጋሼ።"

"ቆዳውስ?"

"ኧረ እዚያው ነው የተውነው።"

ስልኩን መለሱለት። ሌላ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን አላስችል አለኝ።

እኛ አገር ግዳይ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ። አንበሳ የገደለ ጎፈር ያደርጋል፣ ዝሆን የጣለ ይዘፈንለታል። (በዚያው አንበሳችንንም ዝሆናችንንም አመናመንናቸው፤ እሱ ሌላ ጉድ ነው።) ከአንድ ኪሎ ብዙም የማይበልጥ እንስሳ ገድሎ የፎከረ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ስሙ ዶግ ይባል እንጂ ፕሬሪ ዶግ ከውሻ ጋር ዝምድና የለውም፤ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር የአይጥ ወገን ነው። ሲደነግጥ እንደ ቡችላ ስለሚጮህ ነው እንዲያ ያሉት። ድሮ ከካናዳ ጠረፍ እስከ ሜክሲኮ ሜዳውን ሞልቶት ነበር። በመርዝና በማረሻ ተመናምኖ ዛሬ የቀረው ጥቂቱ ነው። ለዚያውም በ1900 ገደማ በመርከብ ወደዚህ አገር የገባው ፕሌግ፣ በቁንጫ የሚተላለፈው ቸነፈር ማለቴ ነው፣ አንድ ሰፈር ውስጥ ከገባ በሳምንታት ውስጥ ጉድጓዱን ሁሉ ባዶ ያስቀረዋል።

"ሞልቶ የለም እንዴ?" ትሉኛላችሁ። የሞላ የሚመስላችሁ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ስለሚኖር ነው። እንደ አይጥም አይራባም። እናቲቱ የምትወልደው በዓመት አንዴ ብቻ ነው። በጸደይ አንዷን ስትጥሉ ጉድጓድ ውስጥ ዓይናቸውን ያልገለጡ ግልገሎች ሊኖሩ ይችላሉ። ኮሎራዶ በሕዝብ መሬት ላይ ከማርች 1 እስከ ጁን 14 ተኩስ የሚከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከብት አርቢው ሣሬን ጨረሰብኝ፣ ላሜ ጉድጓድ ውስጥ እግሯን ትሰብራለች ቢል ይገባኛል። ኑሮው ነው። ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። እናንተ ግን ላም የላችሁም፤ አፓርታማ ነው ያላችሁ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ሌላው ወሬያችሁ ነው። "አደጋ ላይ ያሉ እንስሳት መዝገብ ውስጥ ካስገቡት መሬቱ ይዘጋል፣ ጠመንጃችንንም ይቀሙናል" ትላላችሁ። እሺ፣ ስጋቱ ባዶ አይደለም። የዩታው ፕሬሪ ዶግ፣ ሌላ ዝርያ ነው፣ ከ1973 ጀምሮ መዝገቡ ላይ አለ። እዚያው ዩታ፣ ሴዳር ሲቲ አካባቢ ሰዎች በገዛ መሬታችን ቤት እንዳንሠራ ከለከለን ብለው ፍርድ ቤት ሄደዋል። በ2014 ፈረዱላቸው፣ በ2017 ይግባኝ ሰሚው ገለበጠባቸው። ባለ ጥቁር ጭራው፣ እናንተ የምትተኩሱበት ማለት ነው፣ በ2000 ጥበቃ ይገባዋል ተብሎ ተራ ያዘ፤ በ2004 ከተራው ወጣ። በ2009 እንደገና ታይቶ "አያስፈልገውም" ተባለ። እንግዲህ አስቡት። መዝገቡን የምትፈሩ ከሆነ እዚያ የሚያስገባው ቁጥሩ ሲወርድ ነው። ቁጥሩን በጥይት እያወረዳችሁ መንግሥትን መማረር ምን ይሉታል?

ፌሬት የሚባል ሸለምጥማጥ መሳይ፣ እግረ ጥቁር አዳኝ እንስሳ አለ። ከፕሬሪ ዶግ ሌላ ብዙም አይበላም፣ የሚኖረውም በእሱ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጨርሶ ጠፋ ሲባል በ1981 ዋዮሚንግ ውስጥ የአንድ ገበሬ ውሻ አንዱን ፌሬት ገድሎ ደጃፍ ላይ አመጣው። ተፈልጎ ተፈልጎ የተገኙት የመጨረሻዎቹ 18 ናቸው ተይዘው እንዲዋለዱ የተደረጉት። የእኛዋ የባሌ ቀይ ቀበሮ ያለ ፍልፈል እንደማይሆንላት ቁጠሩት። ጉድጓድ ውስጥ የምትኖር ጉጉትም አለች፣ ቀን ቀን ደጃፏ ላይ ቆማ ታፈጣለች። ንስሩ ደግሞ እናንተ ጥላችሁ የሄዳችሁትን ሬሳ ይበላል። የእርሳስ ጥይት ሥጋ ውስጥ ደቅቆ ይቀራል። ንስሩ ያንን ዋጠ ማለት መርዝ ዋጠ ማለት ነው። ቢያንስ ቢያንስ የመዳብ ጥይት መግዛት አቃተን?

ከ1937 ጀምሮ በምንገዛው ጠመንጃና ጥይት ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እየዋለ ነው። አዳኞች ይህን ሲያነሱ ደረታቸውን ይነፋሉ፤ እኔም እነፋለሁ። ታዲያ በዚህ ኩራት ላይ የ40 ሬሳ ቪዲዮ ስትለጥፉ እኛን ሁላችንንም ነው የምታሰድቡን። ነገ ስለ አደን ሕግ ሕዝብ ድምፅ ስጥ ቢባል የሚያየው የእናንተን ቪዲዮ ነው፣ የእኔን አጋዘን አይደለም።

ማርች ሳይገባ እኔ የሩቅ ማያ መነጽር ብቻ ይዤ ወደዚያው ምሥራቁ ሜዳ፣ ወደ ፖኒ የሣር ምድር እወጣለሁ። ጋሼም እመጣለሁ ብለዋል። ፕሬሪ ዶጓ እጆቿን ወደ ላይ ወርውራ ስትጮህ፣ ወደ ኋላ ልትወድቅ ስትል፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ እየተቀባበለ ሲዘል ማየት ይፈልጋሉ። መኪናዬ ውስጥ ሁለት ቦታ አለ። ባለ ቪዲዮው ወንድማችንም ከፈለገ ይደውል፤ ቡናውን በቴርሞስ እኔ እይዛለሁ።