ሦስት ግቢ የሚዞሩ ሁለት መምህራን

አርብ ማታ ነው። ሰኞ ለሚጀምረው የስታቲስቲክስ ክፍል የመጀመሪያውን ሳምንት ስላይድ ጨርሼ ኮምፒውተሩን ልዘጋ ስል ኢሜይል ገባ። የተመዘገበው ተማሪ ስላልሞላ ኮርሱ ተሰርዟል ይላል። የጎደሉት ሁለት ተማሪዎች ናቸው። ለዚህ ክፍል ስል ሌላ ኮሌጅ የሰጠኝን ሰዓት መልሻለሁ። 3,600 ዶላር፣ የሴሚስተሩ ገቢዬ ሩብ፣ በሁለት መስመር ጽሑፍ ሄደ። ሲላበስ ለጻፍኩበትና ሁለት ሳምንት ለተዘጋጀሁበት ምንም የለም።

በማግስቱ አገር ቤት አብሮኝ ያስተምር የነበረ ጓደኛዬ ደወለ። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ፣ "አንተማ ተገላገልክ፤ አሜሪካ ኮሌጅ እያስተማርክ!" አለኝ። አንጀቴን በላኝ። በእሱ አልተናደድኩም። እኔም እዚያ ሳለሁ ስለወጡት መምህራን የማስበው ይህንኑ ነበር።

እዚህ አገር ከሦስት የኮሌጅ መምህራን ሁለቱ ያህል የሚሠሩት ቴኑር፣ ማለትም የቋሚነት ዋስትና፣ በሌለው ቅጥር ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ግን ግማሽ እንኳ አይሞሉም ነበር። የእኔ ዓይነቱ አድጀንክት ይባላል። በሴሚስተር ይቀጠራል፣ በኮርስ ይከፈለዋል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ መታወቂያዬም የመኪና ማቆሚያ ፈቃዴም አብረው ያልቃሉ።

ሦስት ኮሌጅ የምዞረው ወድጄ አይደለም። በጤና መድን ሕጉ መሠረት በሳምንት 30 ሰዓት የሠራ ሰው እንደ ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ይቆጠራል፤ ትልቅ ቀጣሪም መድን ሊያቀርብለት ይገባል። አድጀንክት ክፍል ውስጥ የሚያሳልፈው አንድ ሰዓት ደግሞ ከነዝግጅቱና ከነእርማቱ እንደ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሊሰላ ይችላል። ባለ ሦስት ክሬዲት አምስት ኮርስ ከያዝክ 30ን አለፍክ ማለት ነው። ኮሌጆቹ ይህን ሒሳብ አሳምረው ያውቁታል። አንዱ ሁለት ኮርስ ይሰጠኛል፣ ሌሎቹ አንድ አንድ። አንዳቸውም ወደ 30 አያስጠጉኝም። ስታመም የማንም ሠራተኛ አይደለሁም።

ቢሮዬ መኪናዬ ነው። ከኋላ ሦስት ካርቶን አለ፣ ለየኮሌጁ አንድ አንድ። ያልታረመ ወረቀት፣ ማርከር፣ የፕሮጀክተር ገመድ። ባለፈው ኅዳር አንዲት ተማሪ ፈተና ወድቃ ልታናግረኝ ፈለገች። ወዴት ልውሰዳት? ኮሪደሩ ላይ፣ የመጠጥ ውኃው ማሽን አጠገብ ቆምን። ማታ ማታ እንደምትሠራ፣ እናቷ ሆስፒታል እንደተኙ ስትነግረኝ ዕንባዋ መጣ። ሰው ውኃ ሊቀዳ ይመጣል፣ ያያታል፣ ይመለሳል። የሚዘጋ በር አልነበረኝም። ከደመወዙ ይልቅ ይህ ነገር አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል።

አገር ቤት በር ነበረኝ። ለአራት የምንጋራው ቢሮ ቢሆንም ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቋሚ ሠራተኛ ነበርኩ። ተማሪ ቀረ ተብሎ ደመወዜ አይቀርም። መንገድ ላይ የማላውቃቸው እናት ሳይቀሩ "መምህር፣ እንደምን ዋሉ?" ይሉኛል። ይህን እዚህ የሚሰጠኝ የለም።

ወሩ ግን አይዳረስም ነበር። የመምህራን ላውንጅ አስተናጋጇ አንድ ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ ደብተር ነበራት። ሁለት ሽሮ፣ አንድ ማኪያቶ እያለች ከነማዕረጋችን ትመዘግበናለች። ደመወዝ በገባ ዕለት ተሰልፈን እንከፍላለን፣ በማግስቱ ዱቤው እንደ አዲስ ይጀመራል። ከባቻችን አንደኛ የወጣው ልጅ "ጎበዝ ነህ" ተብሎ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ረዳት ምሩቅ፣ ማለትም ጀማሪ መምህር፣ ሆኖ ቀረ። በመካከለኛ ውጤት የተመረቁት ባንክ ገቡ። በሁለት ዓመት ውስጥ እነሱ የቤት ብድር አገኙ፣ እሱ ደባል እየፈለገ ነበር። አገሪቱ ከሁለት ዩኒቨርሲቲ ተነስታ ከ40 በላይ ስትደርስ ክፍሎቹን የሞሉት እንደ እሱ ያሉ ልጆች ናቸው።

የደወለልኝ ጓደኛዬ ሦስተኛ ዲግሪ አለው። በ2015 ዓ.ም. እጁ ላይ የሚገባው 10 ሺህ ብር አይደርስም ነበር። ያኔ ከ10,900 ብር በላይ ባለው ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ግብር 35 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ እርከን የለም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ከአገሪቱ ትልልቅ ደመወዝተኞች ጋር እኩል ይቆረጥበታል። በዚያ ላይ 7 በመቶ ጡረታ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከዚያ ወዲህ የደመወዝ ጭማሪ መጥቷል፤ የቤት ኪራዩ ቀድሞ ጠበቀው እንጂ። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ሁለት የግል ኮሌጆች ያስተምራል። ከዋናው ጋር ሦስት ግቢ። እኔ በመኪና፣ እሱ በባጃጅ።

ሁለታችንም ማስተማር እንወዳለን። የፕሮባቢሊቲ ጥያቄ ለአንድ ተማሪ ድንገት ሲገባው ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር በገንዘብ አልለውጠውም። የሚያናድደኝ ይህን ፍቅር ከደመወዛችን ላይ ቀንሰው ማሰባቸው ነው። እዚህ "ፓሽን" ይሉታል። እኛ ዘንድ "መምህር ሻማ ነው፣ ራሱ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል" ይባላል። በየምረቃው የማይቀር ንግግር ነው። ለምን ይቀልጣል? ሐኪሙንም መሐንዲሱንም ያወጣ ሰው ልጁን ጫማ መግዛት ሲያቅተው ምኑ ነው የሚያስጨበጭበው?

ኅዳር 2015ን አልረሳውም። ኅዳር 5 ቀን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 48 ሺህ ሰዎች ሥራ አቆሙ። ረዳት መምህራንና ተመራማሪዎች ናቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ኒውዮርክ ውስጥ ኒው ስኩል የተባለው ዩኒቨርሲቲ የትርፍ ጊዜ መምህራን ተከተሉ። ኅዳር 26 ደግሞ የእኛዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝ ጥያቄ ሥራ ማቆም ጀመሩ። አንድ ወር፣ አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ክፍለ ዓለም። በዚያው ሰሞን የትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ከዓመት በላይ ደመወዝ አላዩም ነበር፤ ስለ እነሱ የሚጮኸው ደግሞ ጥቂት ነው።

እዚህ ነገሩ በድርድር አለቀ። ኒው ስኩሎች በታኅሣሥ 1 ተስማሙ፣ ካሊፎርኒያዎችም ወደ ስድስት ሳምንት ከቆዩ በኋላ ጭማሪውን በውል አስፈርመው ተመለሱ። የእኛዎቹ በእጃቸው የተፈረመ ነገር ሳይዙ ነው ክፍል የገቡት። አብሯቸው ተቀምጦ ውል የሚደራደር አካል የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ ደግሞ ስለ አካዳሚክ ነፃነት ብዙ ይላል፤ ስለ ደመወዝ መደራደር ግን በር አይከፍትም። የመምህራን ማኅበር አለ፤ ደብዳቤ ይጽፋል፣ መልስ ይጠብቃል።

ለዚህ ነው ልዩነቱ ገንዘቡ ላይ ብቻ አይደለም የምለው። ከማስተምርባቸው ኮሌጆች አንዱ ሜሪላንድ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የዚያ ስቴት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች መምህራን በጋራ እንዲደራደሩ ፈቀደ። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሬ ቨርጂኒያ ስገባ የሚደራደርልኝ የለኝም። ያው ሰው፣ ያው ስላይድ፣ ያው ኮርስ። የአርብ ማታው ኢሜይል የመጣው ከቨርጂኒያው ኮሌጅ ነው።

የሜሪላንዱም ባለፈው ነሐሴ አንድ ክፍል ሰርዞብኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ 250 ዶላር አካውንቴ ገባ። ትንሽ ነው። የዚያ ኮሌጅ መምህራን ማኅበር ተደራድሮ ውል ውስጥ ያስገባው፣ ዘግይቶ ለተሰረዘ ክፍል የሚሰጥ የዝግጅት ክፍያ ነው። ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ዘርዝሬ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ።

"ላላስተማርከው ክፍል ከፈሉህ?"

"አዎ።"

"እኛ ያስተማርነው የክረምቱ እንኳ እስከ ዛሬ አልገባም፤ ጥር ሆነ እኮ ወንድሜ" አለኝ።