ፍርዱን ማን ሰጣችሁ?

ጽሑፋችሁ ከፒያሳ ወደ ለገሃር ሲወርድ ሰው ስለገጨው ሚኒባስ ነው። ለሟች ነፍስ ይማር። ግን ሾፌሩን ከርዕሱ ጀምሮ «ግድየለሽ» ያላችሁት በምን ማስረጃ ነው? የትራፊክ ፖሊስ ፕላን አንስቶ፣ ምስክር ሰምቶ ሳይጨርስ?

የቸርችልን ቁልቁለት የነዳ ያውቀዋል። ፍሬን እምቢ ካለ መሸሻ የለም። መኪናው መቼ ተመረመረ? ቦሎ አለው? ባለንብረቱስ በቀን ስንት ብር አስገባ ብሎታል? ስለዚህ ሁሉ አንድ መስመር የለም። የሾፌሩ ፎቶ ግን አለ። ፊቱን እንኳን አልሸፈናችሁትም። (ልጆቹ ነገ ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ ያሰበ አለ?)

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። ይሄኛው ሰውዬ እኮ በራሳችሁ ዘገባ ገና ክስ እንኳን አልቀረበበትም! በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ያስቀጣል። ካጠፋ ይቀጣ፣ ማን ይከራከራል። ጠጥቶ ለሚነዳም ጥብቅና አልቆምም።

ነጻ ቢባልስ? ያኔም ፎቶውን በዚሁ ስፋት ታወጡታላችሁ?