ያለ ጥለቱ መግባት ክልክል ነው

ሰሞኑን ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ የሠርግ ግሩፕ ውስጥ ከተቱኝ። የማን ሠርግ እንደሆነ ለማወቅ ወደ ላይ ብዙ ማንበብ ነበረብኝ። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ የአክስት ልጅ ናት፤ አንዴ ለቅሶ ቤት ተያይተናል መሰለኝ። ቀኑ ገና አልተቆረጠም። አዳራሹ አልተያዘም። ሽማግሌዎቹ ራሱ መሄዳቸውን እንጃ። የተወሰነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ጥለቱ፣ ማለትም ሁላችንም ገዝተን አንድ ዓይነት የምንለብሰው ጨርቅ ነው። «ኤመራልድ አረንጓዴ፣ ሽፎን፣ ብሩ እስከ ዓርብ ይግባ።» ከሥሩ ሰው ሁሉ «አሜን» ብሏል። ለምኑ አሜን እንደተባለ አልገባኝም፣ ግን እኔም አልኩ።

እናንተም እንዲህ ያለ ግሩፕ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥር እየመጣ ነው፤ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ጥቂት ሳምንታት አገሩ በሙሉ ይዳራል። ማማረሩን ስለጠገብነው ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ይህን ልማድ ያመጣልንን ሰው፣ ማንም ይሁን የትም ይሁን፣ እድሜ ይስጥልን።

ድሮ ሰው እንደሚወድህ በምን ታውቅ ነበር? ጎረቤት ከሳምንት በፊት መጥቶ ሽንኩርት ይልጣል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ሌሊት ሌሊት ዶሮ ይገነጥላል። አድካሚ ነበር፣ በዚያ ላይ አይለካም። አሁን ፍቅር በሜትር ሆኗል። የገዛ ይወድሃል፣ ያልገዛ አይወድህም። አለቀ።

በዚህ ረገድ ወደኋላ የቀረው ሕጉ ብቻ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ለማግባት 18 ዓመት መሙላትና የሁለቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ክብር መዝገብ ፊት ሲሆን ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ይበቃዋል። አራት ሰው! ስለ ጥለት አንድ አንቀጽ የለውም። ይህን የሕግ ክፍተት ተጠቅመው በአራት ምስክር ተፈራርመው፣ ምሳ በልተው፣ ማክሰኞ ሥራ የገቡ ባልና ሚስት አውቃለሁ። ሰው ዝም አላላቸውም። «አርግዛ ነው።» «ቤተሰቧ አልተቀበለውም።» «ለፕሮሰስ ነው፣ አሜሪካ ሊሄዱ ነው።» ይኸው ዓመታት አለፉ፣ ልጅም አልመጣ፣ አሜሪካም አልሄዱ። ሰው ግን አሁንም እየጠበቀ ነው። ተዋደው፣ ቆጥበው፣ እንዲሁ ተጋቡ የሚለውን ማንም አይቀበልም።

ወደ አረንጓዴው ልመለስ።

ኤመራልድ አረንጓዴ የሚባለው ቀለም ሽሮ ሜዳ በየሱቁ ይለያያል። ስለዚህ ኮሚቴዋ (እያንዳንዱ ግሩፕ አንዲት ኮሚቴ አላት፤ ማንም አልመረጣትም፣ ማንም አያወርዳትም) የናሙናውን ፎቶ ለጠፈች። ፎቶው የተነሳው ማታ በአምፖል ነው። አንዱ ስልክ ላይ አረንጓዴ፣ ሌላው ላይ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። «ሳምሰንግ ያላችሁ እንዴት ይታያችኋል?» ተባለ። ሳምሰንግ ያላቸው እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። በማግስቱ የሙሽራዋ ታናሽ እህት መስኮት አጠገብ አድርጋ ድጋሚ አነሳችው፤ ይኼኛው ደግሞ ጥቁር መሰለ። «ለሐዘን ነው እንዴ?» ያለ አንድ ወንድ ወዲያው ከግሩፑ ተባረረ፤ የሙሽራው አጎት መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው፤ ይቅርታ ተጠይቆ ተመለሰ፤ ተመልሶም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። ከሐዋሳ የምትመጣ አንዲት ሴት «እኔ እዚህ ራሱን በግማሽ ዋጋ አገኘሁ» ብላ ፎቶ ብትልክ ኮሚቴዋ አራት ደቂቃ የሚፈጅ ድምፅ ቀድታ መለሰችላት። ፍሬ ነገሩ «አረንጓዴ ሁሉ አረንጓዴ አይደለም» ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስት ለሠርጉ አትመጣም፣ ፈቃድ አላገኘችም። ጨርቁን ግን ታሰፋለች፤ በቪዲዮ ልትገባ ነው፤ በቪዲዮ ደግሞ ወገብ ድረስ ነው የሚታየው፤ ታዲያ ግማሹን ብቻ ብትገዛስ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ውድቅ ሆነ። በመጨረሻ አሜሪካ የሚመለስ ሰው ተገኘና ከሁለቱ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች አንዱን ከፍቶ የእናቱን በርበሬ ቀንሶ ሽፎኑን ጫነ። የሰውየው እናት ምን እንዳሉ ግሩፑ ላይ አልተለጠፈም።

የሰፊውንም ውለታ መርሳት አይገባም። «ሐሙስ ውሰጂ» ይላችኋል። ሐሙስ ስትሄዱ «አንገቷ ብቻ ናት የቀረችው።» አንገቷ ማለት እጅጌውም፣ ዚፑም፣ ገበሩም ነው። የሠርጉ ዋዜማ ማታ ሁላችንም እዚያ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተገናኝተን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ የማን ቀሚስ የማን እንደሆነ በወረቀት እየፈለግን፣ እዚያው እንተዋወቃለን። ይሄ የልማዱ ትልቁ በረከት ነው። ወንዶቹ በክራባት ይገላገላሉ፣ እግዚአብሔር ይይላቸው።

አምና የነበርኩበት ሠርግ ወይን ጠጅ ነበር። ፎቶ አንሺው ቤተሰቡን ሲሰበስብ ኮሚቴዋ በቀለም ደረጃ አሰለፈችን። ትክክለኛው ወይን ጠጅ ከፊት። ወደ ቀይ የሚያደላው ሁለተኛ ረድፍ። «እማማ፣ እርስዎ ከአበባው ኋላ ይሁኑልኝ» ተባሉ አንዲት ትልቅ ሰው፤ የእሳቸው ታጥቦ ለቆ ነበር። ሄዱ። ከአበባው ኋላ ቆመው ፎቶ አንሺውን እያዩ ሳቁ።

የሙሽራዋ አክስት ግን የለችም። «አሟት ነው» አሉኝ። አላመማትም። ያችን ልጅ አዝላ ያሳደገች፣ እናቲቱ ዐረብ አገር በነበረች ጊዜ ትምህርት ቤት ያመላለሰች ሴት ናት። ሰው ቤት ልብስ እያጠበች የምትኖር ሴት። የጨርቁንና የማሰፊያውን ማዋጣት አልቻለችም፣ መጠየቅ ደግሞ አፈረች፣ ስለዚህ አመማት። «ያለ ጥለቱ አትምጪ» ያላት ሰው የለም። ማለትም አያስፈልግም። ያን ሁሉ ወይን ጠጅ መሀል ብቻሽን ነጭ ለብሰሽ ስትቀመጪ ማን ምን እንደሆንሽ ከሩቅ ይታያል። ነውር ነው ይሄ! ልጅ ያሳደገች ሴት በሽፎን ተመዝና ቀረች፣ እኛ አወቅን፣ ክትፎውን በላን። ከዚያ ሠርግ በኋላ ያነጋገርኳቸው ሁሉ በውስጥ መስመር «ሰልችቶናል፣ ግን ሰው ምን ይላል» ነው ያሉኝ። እነዚያው ሰዎች ናቸው ግሩፑ ላይ «አሜን» የሚሉት። የትኛው ሰው ነው ታዲያ የሚለው? ከእነሱ ሌላ ማን አለ ግሩፑ ውስጥ?

እሺ፣ ተቆጣሁ። ወደ ምስጋናው።

አያቶቻችን በዚህ በኩል እጅግ ያልሠለጠኑ ነበሩ። አንዲት ነጠላ ነበረቻቸው። ለሠርግ ያችኑ፣ ለቤተ ክርስቲያን ያችኑ፣ ለለቅሶ ያችኑ ጥለቷን ወደ ላይ አዙረው። አንዲት ጨርቅ ሙሉ ዕድሜ ሁሉንም ቤት ታስገባቸው ነበር። ሽሮ ሜዳ በዚህ ሁኔታ እንዴት ሊያድግ ይችል ነበር? ቁም ሳጥኔን ከፍቼ አያለሁ፦ ወይን ጠጅ፣ ሎሚ፣ «ፒች» የሚባል ነገር፣ ሁለት ዓይነት ሰማያዊ። አንዱም ድጋሚ አይለበስም። ብትለብሰው «ይሄ የእነ እከሌ ሠርግ አይደል?» ትባላለህ፣ ያውም እነ እከሌ ተፋተዋል።

አሁን ልማዱ እየሰፋ ነው። ክርስትና ላይ ገብቷል። የሕፃናት ምርቃት ላይ ገብቷል፤ ገና ፊደል ያልጨረሰ ልጅ ጋውን ለብሶ እናትና አባት በአንድ ጥለት ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ያልተነካው ለቅሶ ብቻ ነው ልል ነበር፣ ግን የሟች ፎቶ የታተመበት ቲሸርት መታየት ከጀመረ ቆየ። ስለዚህ እድሮች ከወዲሁ ቢያስቡበት ይሻላል። ሰው ከመሞቱ በፊት ቀለሙን መርጦ፣ ናሙናውን ቀን ላይ በመስኮት ብርሃን አንስቶ ቢተው ቤተሰብ አይጨነቅም። አለዚያ እስኪስማሙ ሣልስቱ ያልፋል፣ ሰፊው ደግሞ ለሣልስት አያደርስም፤ ለአርባም ቢሆን አንገቷ ትቀራለች።